የናደው ፈረስ ለምን ውሃ አልጠጣም

የልጅ ልጄ ትህትና ጡብ የሚያህል መጽሐፍ አላት። ስለ ዘንዶና ስለ ጠንቋይ የሚያወራ ነው። ትጨርሰውና እንደገና ትጀምረዋለች። በየገጹ ጠርዝ ቢጫ የሚለጠፍ ወረቀት ሰክታበት መጽሐፉ ላባ ያበቀለ ይመስላል።

ያለቀ ነገር ለምን እንደምትደግም አንድ ቅዳሜ ጠየቅኋት። ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ ነበር። መጨረሻው ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ተነግሯል አለችኝ። ጸሐፊዋ ምልክት እየጣለች ታልፋለች፤ መጀመሪያ ሲነበብ አይታይም፤ መጨረሻውን አውቆ የተመለሰ ሰው ግን በየቦታው ያገኘዋል። ይህን ሁሉ ግማሹን በእንግሊዝኛ ነው ያስረዳችኝ። እኔን አንተ ነው የምትለኝ። እናቷ ስምረት ትቆጣታለች። እኔ ትቼዋለሁ።

እኔም እንዲህ ያለ መጽሐፍ አውቃለሁ አልኳት።

"ፋንታሲ ነው?"

"ፈረሰኛ ነው። ጨው ተራራ ላይ ይወጣል።"

"ይሞታል?"

"ይሞታል። ምልክትም አለው። ፈረሱ ውሃ አልጠጣም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፉን አምጣ ብላ ያዘችኝ።

ያገኘልኝ ሸምሱ ነው። ሸምሱ እዚሁ ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖራል፤ ታክሲ ይነዳል። እኔ ኤርፖርት የሆቴል ቫን ስነዳ ጀምሮ እንተዋወቃለን። አዲስ አበባ እናቱን ሊጠይቅ ሄዶ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ፎቶ ኮፒውን ይዞልኝ መጣ። ሽፋኑ ላይ "የጨው ተራራው ፈረሰኛ" ይላል። በልጅነቴ ሲነበብ ሰምቼዋለሁ እንጂ በራሴ ዓይን አንብቤው አላውቅም ነበር።

ያደግሁት ኮምቦልቻ፣ የአሰብ መንገድ ዳር ነው። አባቴ እኔ ጡት ሳልጥል ሞቷል። ታላቅ ወንድሜ ፍቅረሥላሴ የፊያት ካሚዮን ረዳት ነበር፤ አሰብ ወርዶ ጨውና ሸቀጥ ጭኖ ይመለሳል። በመንገዱ የሚያልፉት ሾፌሮች እሱንም እናቴንም ያውቃሉ። ቤታችን አጠገብ ሲደርሱ ጡሩምባ ይነፋሉ። እናቴ በድምፁ መኪናውን ትለያለች። የእኛ ነው ትላለች፤ ወይም የእኛ አይደለም፣ እሰይ ግን ደህና ገባ ትላለች።

እናቴ ስሟ ጤናዬ ነው። ጤና ግን አልነበራትም። ልቧን ያማት ነበር። ዳገት ስትወጣ ቆም ትላለች፤ ከንፈሯ ይጠቁራል። ድንገተኛ ነገር እንዳታሰሟት፣ ድንጋጤ ይገድላታል ብሎ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግሯል። ይህን እኔም አውቅ ነበር። እኛ ቤት በር በኃይል አይዘጋም። ልጅ ከኋላ መጥቶ አይጮህም።

የፊተኛውን ክፍል ሀብተሚካኤል የሚባል ልብስ ሰፊ ተከራይቶት ነበር። እኔ ጋሽ ሀብቴ እለዋለሁ። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ሰው ነው። ቅኔ ቤት ገብቶ አቋርጦ የወጣ ነው ይባላል። ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ የስፌት መኪናውን ከድኖ ለሰው ያነባል። ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ በረንዳው ላይ ይሰበሰባል። የቆጠረውም ይመጣል፤ በጋሽ ሀብቴ ድምፅ ሲሰማ ይሻላልና።

በዚያ ክረምት የሚያነበው የናደውን ታሪክ ነበር። ክፉ ንጉሥ ዝናብን ሰርቆ ጋን ውስጥ አሽጎ ጨው ተራራ ላይ ደብቆታል። ናደው ዳማ በሚባለው ፈረሱ ተቀምጦ ዝናቡን ሊያስመልስ ይወርዳል። እናቱ ደጃፏ ላይ ቆማ ትሸኘዋለች። ይህ ሲነበብ እናቴ የእኔን ልጅ ይመስላል አለች። ከዚያ ወዲያ ናደውን በስሙ ጠርታው አታውቅም። ልጄ ዛሬ የት ደረሰ ብላ ትጠይቃለች፤ ጋሽ ሀብቴም ካቆመበት ይቀጥላል። ሴቶቹ ይስቁባታል። ለናደው ሚስት አጭተሽለታል ወይ ይሏታል። ለዚህ ጨብራራ ማን ልጁን ይሰጣል፣ መጀመሪያ ተመልሶ ጸጉሩን ይቆረጥ ትላለች።

ነሐሴ ውስጥ አንዳንድ ነገር ተለወጠ። በየተራው አይቼዋለሁ፤ ለእያንዳንዱም ምክንያት ነበረኝ።

መኪኖቹ ጡሩምባ መንፋት ተዉ። ቤታችን ጋ ሲደርሱ እንዲያውም ቀስ ይላሉ፤ ድምፅ ግን የለም። ፖሊስ ከልክሏቸው ይሆናል አልኩ።

የእድሩ ዳኛ አቶ ብዙነህ ንባብ መስማት ጀመሩ። እሳቸው ቀደም ሲል በበረንዳው ሲያልፉ፣ የሌለ ሰው የሌለ ፈረስ ላይ ወጣ ብላችሁ ትውላላችሁ እያሉ የሚስቁ ሰው ናቸው። አሁን ቀድመው መጥተው አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፤ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው መሬት መሬት ያያሉ። መጽሐፉ አሸነፋቸው ብዬ ኮራሁ።

ጎረቤቶቹ ምግብ እየሠሩ ያመጡ ጀመር። ዛሬ አንዷ፣ ነገ ሌላዋ። ለእኔ ጥሩ ክረምት ነበር።

ጋሽ ሀብቴም ንባቡ ተበላሸ። እንደ ውሃ የሚፈስ የነበረው ሰው ይቆማል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ጣሪያ ያያል። ስፌት ዓይኑን አደከመው አልኩ።

ወሬው ከተማ የደረሰው በዚያ ሳምንት ነው። ይህን ያወቅሁት ጎልምሼ ነው። ካሚዮኑ ሚሌ ወንዝን ሲሻገር ጎርፍ ደርሶበታል፤ ሾፌሩ ወጥቷል፣ ፍቅረሥላሴ አልወጣም። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መከሩ። እንደ ወጉ ንጋት ላይ ሰብሰብ ብሎ ሄዶ ማርዳት ይህችን ሴት እዚያው ያስቀራታል። እንቁጣጣሽም ቀርቧል። ስለዚህ ዘመን እስኪለወጥ ይቆይ ተባለ፤ እስከዚያው በንባቡ ልቧን ቀስ እያለ እንዲያለማምድ ነገሩ ለጋሽ ሀብቴ ተሰጠ። ማን እንዳሰበው አላውቅም። እሱ ራሱ ይመስለኛል።

እኔ የምቀመጠው ከክንዱ ሥር፣ የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ነው። ፊደል ለይቻለሁ፤ የኔታ ዘንድ ዳዊት ጀምሬ ነበር። ስለዚህ ገጹን አያለሁ። አንድ ቀን ጋሽ ሀብቴ ረጅም ነገር አነበበ፤ ገጹን ግን አልገለጠም። ጣቱ አንድ መስመር ላይ ቆሟል፤ ፈረሱ ግን አፉ ውስጥ ይሄዳል፣ ያድራል፣ ወንዝ ዳር ይደርሳል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጣቱ ያረፈበት መስመር ላይ ወንዝ የሚል ቃል የለም።

አልደነገጥኩም። የኔታ ዘንድ ትልልቆቹ ተማሪዎች አንድምታ ሲማሩ አይቻለሁ። መምህሩ ከመጽሐፉ አንዲት መስመር ያነባሉ፤ ከዚያ አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው እያሉ ፀሐይ እስኪበረታ ይተረጉማሉ። መጽሐፉ ላይ አንድ መስመር ነው፤ ትርጓሜው ግን ጠዋቱን ሙሉ ይፈጃል። ታዲያ የናደውም መጽሐፍ አንድምታ አለው፤ ጋሽ ሀብቴ ቅኔ ቤት ስለነበረ ያውቀዋል፤ ለእኛ እስከ አንድምታው ይነግረናል። ይህን ለልጆቹ ነገርኳቸው። ማንም አልተከራከረኝም።

የዚያ ሰሞን ንባብ ዛሬም በቃሌ አለ። ዳማ ወንዝ ዳር ቆሞ ውሃ አልጠጣም፤ ናደው ልጓሙን ቢያላላለትም አንገቱን አዙሮ ወደመጣበት መንገድ ያያል። የናደው ጋቢ አጥር ላይ እንደተሰጣ ነፋስ ወደ እናቱ አገር ወሰደው። በተራራው በር የምትጠብቅ ወፍ አለች፤ ያለፈውን ሁሉ መቼ ትመለሳለህ ብላ ትጠይቃለች፤ ናደው ሲያልፍ ግን ዝም አለችው።

ወፏ ዝም ስትል ከሴቶቹ አንዷ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ጭስ ገባብኝ አለች። እሳት አልነበረም።

ትህትና ይህን ሁሉ አስቀድሜ ነግሬያት ስለነበር ቢጫ ወረቀቷን አዘጋጅታ ነው የጠበቀችኝ። አማርኛ ማንበብ አትችልም። እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ያልገባትን እፈታላታለሁ፤ ምልክቱ ጋ ስንደርስ እሷ ትለጥፋለች። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ወንዙ ጋ ደረስን። "ዳማም ከጥሩው ውሃ ጠጥቶ ረካ" ይላል። ቆምኩ። እንደገና አነበብኩት።

"ጠጣ አልክ?"

"ጠጣ ይላል።"

"ምናልባት ወደ ኋላ ሌላ ወንዝ ይኖራል" አለች። ልታጽናናኝ ነው።

ሌላ ወንዝ አለ። እዚያም ጠጣ። ጋቢው አጥር ላይ አልተሰጣም። በሩን የሚጠብቀው ወፍ ሳይሆን ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነው፤ ናደውንም በደህና ተመለስ ብሎ መርቆ ያሳልፈዋል። ቢጫው ወረቀት ጣቷ ላይ ተጣብቆ ቀረ። የተለያየ እትም ይኖረዋል አለችኝ፤ የእሷም መጽሐፍ እንግሊዝ አገር የታተመው ትንሽ ይለያል። ይሆናል አልኳት።

በማግስቱ አስራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የምሄድበት የለኝም። የኮልፋክስን ጎዳና ይዞ ይሄዳል፤ ፓርክ ሂልን አለፍኩ፣ መሐል ዴንቨር ደርሼ በዚያው አውቶቡስ ተመለስኩ። በመስኮቱ እያየሁ ነሐሴን ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ጡሩምባው። አቶ ብዙነህ። ምግቡ። ጭሱ። መጨረሻውን አውቆ የተመለሰ ሰው በየቦታው ያገኘዋል ያለችው ልጅቷ እውነቷን ነው። እኔ ግን ስፈልግ የኖርኩት መጽሐፉ ውስጥ ነበር።

ከሁሉም አንዱ ቀን ጎልቶ ይታየኛል። ዝናብ ነበር፤ ቆርቆሮው ይጮሃል። ጋሽ ሀብቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ናደው ጨው ተራራ ሥር ደርሷል። አገሩ በረሃ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ወንዙ ግን ይሞላ ጀመር።

እናቴ ጥጥ ትፈትል ነበር። እንዝርቷን ያዝ አደረገች።

"ደመና ሳይኖር ውሃው ከየት መጣ?" አለች።

"ከላይ አገር የዘነበው ነው፣ እትዬ። ደጋ ላይ ዘንቦ ቆላ ይወርዳል።"

እናቴ ወደ መንገዱ አየች። ጎርፉ የመንገዱን ቦይ ሞልቶ ቁልቁል ይሄድ ነበር። ብዙ አየችው። ከዚያ መፍተሏን ቀጠለች። ክሩ ተበጠሰባት፤ ቀጠለችው፤ እንደገና ተበጠሰ።

ከዚያ ቀን በኋላ ልጄ የት ደረሰ ብላ አልጠየቀችም። መኪና ሲመጣ ቀና ብላ አታይም። መጽሐፉ ሰለቻት አልኩ። ሌላም ነገር አየሁ። መድኃኒቷን ስትረሳ፣ ስትጥል የነበረች ሴት ሳታጓድል መዋጥ ጀመረች። ሳያልቅባት አስቀድማ ትልከኛለች። ሴቶቹ የሚያመጡትን ምግብ ባትፈልገውም ትበላለች፤ አኝካ፣ አኝካ፣ በውሃ ታወርደዋለች። ከሰዓት በፊት ጋደም ትላለች። ፊቷ መለስ አለ። እናቴ እየዳነች ነው ብዬ ለየኔታ ነገርኳቸው። የኔታ ራሴን ዳበሱኝ።

አሁን ሳስበው እሷም እንደ ሽማግሌዎቹ እየተዘጋጀች ነበር። እነሱ ልቧን ሲፈሩላት፣ እሷ ልቧን ታሠለጥን ነበር። የምታሳድገው አንድ ልጅ ገና ቀርቷታል።

እንቁጣጣሽ አለፈ። ፍቅረሥላሴ ለበዓል አልመጣም፤ መንገዱ በጎርፍ ተቆርጧል ተባልኩ። ደግሞም ተቆርጦ ነበር። ጥቂት ቀን ቆይቶ ጋሽ ሀብቴ ዛሬ መጨረሻው ነው አለ። በረንዳው ሞላ። እንዲህ ሞልቶ አይቼው አላውቅም። ንባብ የማይመጡ ወንዶች ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። ሁለት ሾፌሮች ኮፍያቸውን አውልቀው ከኋላ ቆሙ። ድሬሰሩ እንኳ ቦርሳውን ይዞ መጥቶ ከበሩ ጀርባ ተቀመጠ። ለመርዶው የተቆረጠው የማግስቱ ንጋት ነበር፤ የዚያን ቀን ሁሉም የመጡት እንዴት እንደምትሆን ለማየት ነው። እኔ ግን ሁሉም የናደውን መጨረሻ ሊሰሙ የመጡ መስሎኝ፣ ቦታዬን እንዳልቀማ መርገጫው ላይ ቀድሜ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ሀብቴ ጀመረ። ዳማ ወንዙ ዳር ደረሰ አለ። ወንዙ ሞልቷል አለ። ቆመ። ዳማ ወንዙ ዳር ደረሰ ብሎ ደገመው።

እናቴ እንዝርቷን መሬት አስቀመጠች።

"ሀብቴ፣ መጽሐፉን ዝጋው።"

ዘጋው።

"ፈረሱ ብቻውን ነው የተመለሰው፣ አይደል?"

ጋሽ ሀብቴ የተዘጋውን መጽሐፍ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

"ደክመሃል። ክረምቱን ሙሉ ብቻህን ተሸክመኸው ከረምክ። አሁን በቃህ።" ከዚያ ወደ አግዳሚው ዞረች። "አቶ ብዙነህ፣ ወንዙ ነው የወሰደው?"

አቶ ብዙነህ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ወንዙ ነው፣ ጤናዬ። ሚሌ።"

"ተገኘ?"

"ተገኝቷል። የመንገድ ጓደኞቹ ቀብረውታል። ቄስም ነበረ፤ ፍትሐት ተደርጎለታል።"

እናቴ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። በረንዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያን እጅ አየ። ድሬሰሩ ከበሩ ጀርባ ወጣ። እጇ እዚያው ቆየ። ተነፈሰች። እንደገና ተነፈሰች። ከዚያ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችና ማልቀስ ጀመረች፤ ያን ጊዜ ሴቶቹም ልቅሶውን ለቀቁት።

እኔ በእናቴ ተደንቄ ነበር። ፊደል የማታውቅ ሴት ከአንባቢው ቀድማ መጨረሻውን አወቀችው። አቶ ብዙነህም መጽሐፉን ሳይዙ የሚመልሱት ነገር ገረመኝ፤ ከሰዓት ከሰዓት ተቀምጠው በቃላቸው ያዙት አልኩ። ዳማ ብቻውን ሲመለስ ታየኝ፤ ኮርቻው ባዶ ነው። አለቀስኩ። ሰው ሁሉ ወንድሙን አለቀሰ ብሎ አቀፈኝ። እኔ ያለቀስኩት ለናደው ነው። የፍቅረሥላሴን ሞት የሰማሁት በማግስቱ ጠዋት፣ ራሴን ሲላጩኝ ነው።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ኖረች። እኔን ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች።

ከትህትና ጋር የመጨረሻውን ምዕራፍ ያነበብነው ባለፈው እሑድ ነው። ስምረት ከሥራ መጥታ ተኝታ ስለነበር ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩ። ናደው ጋኑን ሰበረው፤ ዝናቡ ወጣ። ዳማ ላይ ተቀምጦ አገሩ ገባ። ፀሐይ ስትጠልቅ የእናቱን በር መታ። እናቱ ከፈተችለት። መጽሐፉ እዚያ በሩ ላይ ያልቃል።

"አባባ፣ አልሞተም እኮ።"

"አልሞተም።"

"ምልክቶቹስ?"

"የሉም። የሚያነብልን ሰው ነው የጨመራቸው። ለእናቴ ብሎ።" ምን ሆኖ እንደነበረ ነገርኳት። ነገሩን ለማንም እንዲህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነግሬው አላውቅም። እየሰማችኝ ቢጫ ወረቀቷን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

"ጸሐፊው ሳያውቅ? ቺቲንግ ነው" አለች በመጨረሻ። ቀጥላም፣ "እናትህ የእውነቱን መጨረሻ ሳትሰማ ቀረች ማለት ነው?" አለችኝ።

ሰምታዋለች።

አርባው ካለፈ በኋላ ነው። ጋሽ ሀብቴ ማንበብ ትቶ ነበር፤ የስፌት መኪናው ብቻ ይሰማል። እናቴ ጥቁሯን ለብሳ በረንዳው ላይ ተቀመጠችና ጥራው ብላ ላከችኝ። መጣ። ፊት ለፊቷ ቆመ፤ አልተቀመጠም።

"ያን መጽሐፍ አምጣው" አለችው። "አሁን የተጻፈውን አንብብልኝ። ምንም ሳትጨምር።"

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድምታውን ትታ ንባቡን ብቻ ፈለገች አልኩ። ንባብ ብቻ የጀማሪ ነው፤ እኔም የኔታ ዘንድ በየቀኑ የምለው ነው። ደግሞም ናደው ሞቷል። ትቻቸው ብይ ልጫወት ሄድኩ። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም ያነብላት ነበር፤ አጠገባቸው አልደረስኩም።

አንድ ቀን ወደ ማታ ግድም ውሃ ልጠጣ መጥቼ በበረንዳው ሳልፍ ሁለቱ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። መጽሐፉ ጋሽ ሀብቴ ጉልበት ላይ ተከፍቷል።

"በሩን ከፈተችለት" አለች እናቴ። "ከዚያስ? ምን አበላችው ይላል?"

ስለ ፍቅረሥላሴ የምታወራ መስሎኝ ፈራሁ። አእምሮዋን ነክቷት ይሆናል ብዬ ምሰሶውን ይዤ ቆምኩ።

ጋሽ ሀብቴ ገጹን ገለበጠ። ወዲያ ማዶ ባዶ ነው።

"አይልም፣ እትዬ። እዚህ ያበቃል።"

"ከዚያ ሁሉ አገር መጥቶላት ዝም ብላ አታየውም መቼም።"

"አይልም።"

"እንግዲያው ጨምርበት" አለችው።

መጽሐፉን ዘግቶ መሬት አስቀመጠው። ጉሮሮውን ጠረገ። "መጀመሪያ" አለ፣ "ውሃ አሙቃ እግሩን አጠበችው።"